ኢዮብ ስምንት፥ ስድስት

«ቆይ እስቲ፣ ያቺን ልጅ ምን ብለሻት ነው?»

ማማ ቶያ ቀይ ቦሎቄ የሚለቅሙበትን ሰፌድ ጭናቸው ላይ እንደያዙ አንገታቸውን ወደ በሩ አሰገጉ። የልጅ ልጃቸው ደማሪስ የሒሳብ ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች። መልሱ ቢኖራት ኖሮ መቼ ትደብቀው ነበር!

ከደቂቃ በፊት ሱሌይማ የአባቷን የዳቦ ብስክሌት እየነዳች በበራቸው አልፋለች። ከላይኛው ጥግ ጀምራ በየቤቱ ደጃፍ ጡሩምባዋን እያስጮኸች ነው የመጣችው። ጎረቤታቸው ኒኛ ቼላ በር ላይ ፓፕ! ልብስ ሰፊው በር ላይ ፓፕ! እነ ማማ ቶያ ጋ ስትደርስ ጡሩምባው ዝም አለ። ጎማው ጠጠሩ ላይ ሲንሿሿ ብቻ ተሰማ፣ አለፈ። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ቤት ላይ እንደገና ፓፕ!

ማማ ቶያ የዳቦ ከረጢታቸውን ዘርግተው ደጅ ቆመው ነበር። በአናናስ ማርማላት የተሞላ ሰሚታ ዳቦ ሳይገዙ የዋሉበት ረቡዕ ትዝ አይላቸውም። ባዶውን ከረጢት አጥፈው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቦሎቄያቸው ተመለሱ፤ ልባቸው ግን እዚያው ደጅ ነበር።

«ተጣልታችኋል?»

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ?»

«እኔ እንጃ፣ ማማ ቶያ።»

«'እኔ እንጃ' ደግሞ መልስ ሆኖ ሞቷል! ልጅቷ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የለች፣ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት የለች። አንቺ ምሳሽን እንኳ በቅጡ አትበዪም። ነገ አንድ ነገር ብትሆኚ ለእናትሽ ምን ልላት ነው? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ልላት ነው?»

የደማሪስ እናት በዋና ከተማዋ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ የምትመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። በመሐል ያለውን የማማ ቶያ ጭንቀት ይሞላዋል።

«ጥቅስ ነው ያነበብኩላት» አለች ደማሪስ በመጨረሻ። «ከራሴ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።»

እውነቷን ነው። ከራሷ ምንም አልጨመረችም። ታዲያ ደብተሯ ላይ አንዲት ቁጥር እንኳ ያልጻፈችው ለምንድን ነው?

በእነሱ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ጨው ነው፤ የማይገባበት ነገር የለም። ጠዋት አርፍዳ ስትተኛ ማማ ቶያ ብርድ ልብሱን ገፈው «አንተ ታካች፣ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ!» ይላሉ። እሷ ደግሞ አንድ ዓይኗን ገልጣ «ማንም ታናሽነትህን አይናቀው» ትላለች። ሁለቱም ይስቃሉ። በጥቅስ ተጎድቶ የተኛ ሰው በዚህ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

አርብ ዕለት የሆነው እንዲህ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኗ ወጣቶች አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ከጓሮው ማንጎ ሥር በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ይሰበሰባሉ። የሚመራቸው ወንድም ኔፍታሊ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። በሥራ ቀን የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ ሚስማር ይመዝናል፤ አርብ ጊታሩን አንግቶ ይመጣል። አንዲት ጥብቅ ሕግ አለችው፤ ያለ ጥቅስ ወሬ የለም። ስለ እምነት የመሰለህን ተናገር፣ ግን ምዕራፍና ቁጥር ይዘህ። «አስተያየትማ ዶሮም አላት» ይላል።

ልጆቹ ሕጓን ቀልድ አድርገዋታል። የዚያን ዕለት ረጅሙ ኦሴአስ ሳህኑ ላይ አንዲት ቁራሽ ኬክ ብቻ እንደቀረች ሲያይ ተነሥቶ፣ «ሉቃስ ስድስት፥ ሃያ አንድ! እናንተ አሁን የምትራቡ ብፁዓን ናችሁ፣ ትጠግባላችሁና!» አለና ወደ አፉ ወረወራት።

«ሼም አይዝህም አንተ?» አለች ታናሽ እህቱ ሩት። «አራት ቁጥር ወረድ በላ፦ እናንተ አሁን የጠገባችሁ ወዮላችሁ!»

ሁሉም ሳቀ። ሱሌይማ ብቻ አልሳቀችም። ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የመጽሐፍ ቅዱሷን ሽፋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«እኔ አንድ ነገር አለኝ» አለች። «ጥቅስ ግን የለኝም።»

«ያለ ጥቅስማ…» ብሎ ኦሴአስ ሊጀምር ሲል ኔፍታሊ በእጁ ዝም አሰኘው።

«አባቴ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ይኸው ሁለት ወሩ። ጾማችሁለታል፣ ጸልያችሁለታል፣ ዘይት ቀብታችሁታል። ማንኪያ እንኳ አይጨብጥም። በጓዳ በኩል ሳልፍ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ፤ ስገባ ፊቱን ያዞራል።» ትንፋሿን ሳበች። «ማወቅ የምፈልገው… እግዚአብሔር ይሰማናል? ወይስ አይሰማንም?»

የሱሌይማን አባት ዶን ሴፌሪኖን የማያውቅ የለም፤ ከመካከላቸው በእሱ ዳቦ ያላደገ የለም። ኔፍታሊ ራሱ ደንገጥ ብሏል። መሪ ሲደነግጥ የሚያውቀውን ያደርጋል፤ እሱም አደረገ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «ማን በቃሉ ይመልስላታል?»

እንግዲህ እነዚህ ልጆች ወራት ሙሉ የሚለማመዱት አንድ ጨዋታ አለ፤ የሰይፍ ጨዋታ ይሉታል። ሁሉም መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ በረድፍ ይቆማል። «ሰይፍ ይመዘዝ!» ሲባል መጽሐፉ ወደ ላይ ይነሣል። ጥቅሱ ይጠራል። «ፈልግ!» ሲባል ገጹ ይገለበጣል። ቀድሞ ያገኘ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቶ ያነባል። በዚህ ጨዋታ ደማሪስና ሱሌይማን የሚያህል ጥንድ በአካባቢው የለም። የመጨረሻው ውድድር በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ በሳን ቪሴንቴ ከተማ ነው። ያሸነፉት ሁለቱ አንድ ሳምንት ሐይቅ ዳር ካምፕ ይሄዳሉ። ደማሪስ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሐይቅ በዓይኗ አይታ አታውቅም።

እናም «ማን በቃሉ» የሚለውን ስትሰማ እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ገጹን ገለጠች። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

«ኢዮብ ስምንት፥ ስድስት» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ። «ንጹሕና ቅን ብትሆን፣ በእውነት ስለ አንተ አሁን ይነቃል።»

አንድ ሰው አጨበጨበ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልማድ ነው፣ ቀድሞ ላገኘ ይጨበጨባል።

«ንጹሕና ቅን ብትሆን» አለች ሱሌይማ ቀስ ብላ። ዓይኗን ከደማሪስ ላይ አልነቀለችም። «አባቴን ነው?»

ዚፑን ዘጋች። ተነሣችና በጎን በር ወጣች። ደማሪስ፣ ልጅነት ነው እንግዲህ፣ ውኃ ልትጠጣ የሄደች መስሏት ነበር። በዚያች ቅጽበት ልቧ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት እያሰበች ነበር።

ይህን ሁሉ ለማማ ቶያ ስትነግራቸው ቦሎቄው ተለቅሞ አልቆ ነበር። ማማ ቶያ ግን አሁንም በጣታቸው ያንኑ ያገላብጡታል።

«እና ያንቺ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? ቃሉን ነው ያነበብሽው። ልጅቷም ሆድ ብሷት ነው፣ አይፈረድባትም፣ አባት ነው። ግን አንቺም…» ሰፌዱን ወደ ጎን አኖሩት። «ሌላ ላኪላት። ለስለስ ያለ። መዝሙር ሠላሳ አራት፥ ዐሥራ ስምንት። እግዚአብሔር ልባቸው ለተሰበረ ቅርብ ነው። እሱ ጥቅስ ማንንም አስቀይሞ አያውቅም።»

ደማሪስ ስልኳን አወጣች። ጥቅሱን ጻፈች፤ ከሥሩ ልብ ጨመረች፤ ልቡን አጠፋች፤ መልሳ ጨመረችው፤ ላከችው። ሱሌይማ አንብባዋለች።

መልሱ የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ደማሪስ ጓሮ ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ፊቷን እየታጠበች ሳለ ስልኩ ጮኸ። «ሃይ» የለም። «እንዴት ነሽ» የለም። ያለው ይህ ብቻ ነበር፦ «ኢዮብ 42፥7»።

እጇን እንኳ ሳታደርቅ መጽሐፍ ቅዱሷን አምጥታ ገለጠችው። እግዚአብሔር ኤልፋዝ የሚባለውን የኢዮብን ጓደኛ ሲቆጣው ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁምና፣ ቁጣዬ በአንተና በሁለቱ ባልንጀሮችህ ላይ ነድዷል፣ ይላል።

መጀመሪያ አልገባትም። ባልንጀሮቹ እነማን ናቸው? በጥድፊያ ወደ ምዕራፍ ስምንት ተመለሰች፤ ወደ ስድስት ሳይሆን ወደ አንድ። ወደዚያ ቁጥር ሄዳ አታውቅም ነበር። «ሹሐዊውም በልዳዶስ መለሰ» ይላል።

በልዳዶስ! ከሦስቱ ጓደኞች አንዱ።

ከፊቷ የሚንጠባጠበው ውኃ ገጹ ላይ አረፈ። ሁለት መቶ ጥቅስ በቃሏ ታውቃለች። በጨዋታው የሚጠየቀው ግን የት እንዳለ ነው እንጂ ከማን አፍ እንደወጣ አይደለም። ልጆቹ የሞቱበትን፣ ገላውን ቁስል የወረሰውን ሰው «አንተ ንጹሕ ብትሆን ኖሮ» ብሎ የወጋው ሰው ቃል፣ እግዚአብሔር ራሱ የተቆጣበት ቃል፣ እሱን ነው እሷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥታ ለሱሌይማ ያነበበችላት። ተጨብጭቦላትም ነበር።

«ምነው ቆመሽ ቀረሽ? ብርድ ይመታሻል እኮ!» አሉ ማማ ቶያ ከወጥ ቤት።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ብረታ ብረት ሱቁ ሄደች። ኔፍታሊ ባርኔጣ ላደረጉ አንድ ሽማግሌ የቆርቆሮ ሚስማር እየመዘነ ነበር።

«ወንድም ኔፍታሊ፣ ኢዮብ ስምንት፥ ስድስትን የተናገረው ማን ነው?»

«ፈተና ነው እንዴ?» ሳቀ። «እግዚአብሔር ነዋ! መጽሐፍ ቅዱስ አይደል?»

«በልዳዶስ ነው።»

«የቱ በልዳዶስ?»

«የኢዮብ ጓደኛ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር 'ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም' ብሎ ከተቆጣቸው አንዱ።»

ሚስማር የጨበጠው እጁ ሚዛኑ ላይ እንዳንዣበበ ቆመ።

«አንተ ልጅ» አሉ ሽማግሌው፣ «ጣራዬን ነፋስ ሳይወስደው…»

«መጣሁ አባት፣ መጣሁ።» እፍኙን ለቀቀው። «እሺ ደማሪስ፣ ገባኝ። ግን ሁለተኛ ጢሞቴዎስ ሦስት፥ ዐሥራ ስድስትስ? የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ይጠቅማል።»

«ማቴዎስ አራት፥ ስድስት» አለች ደማሪስ፤ አሁንም አፏ ከሐሳቧ ቀደመ። «ዲያብሎስም ለጌታ መዝሙር ጠቅሶለታል።»

«አገኘችህ!» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ሳቁ። «ይቺን ልጅ ሰባኪ አድርጓት እንጂ!»

ኔፍታሊ አልሳቀም። ሚስማሩን በጋዜጣ ጠቀለለ፣ ለሽማግሌው ሰጠ፣ እስኪወጡ ጠበቀ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር የተሸበሸበ ወረቀት አወጣ። ሁለት መቶው ጥቅስ ተዘርዝሮበታል። በጣቱ ወረድ፣ ወረድ አለና ቆመ።

«'ተስፋ' የሚለው ርዕስ ሥር ነው ያስገባሁት» አለ። «እኔ ነኝ ያስገባሁት። ከአንድ ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው ያገኘሁት፣ ከተራራ ሥዕል ጋር ነበር።» ጆሮውን አከከ። «እውነቱን ልንገርሽ? መጽሐፈ ኢዮብን ሙሉውን አንብቤው የማውቅ አይመስለኝም። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው።»

ደማሪስ እዚህ ስትመጣ ልትቆጣው ነበር። እንዲህ ሲላት ቁጣዋ የት እንደገባ ጠፋት።

«ምን እናድርግ?» አለችው።

«እሁድ ሁላችንም ቤታቸው እንሄዳለን። ሃያ እንሆናለን። ጊታሩን እይዛለሁ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ጥሩ ጥቅስ አዘጋጅቶ…» ፊቷን ሲያይ አቆመ። «አይሆንም?»

«ቤታቸው ሃያ ሰው አይይዝም» አለች። ምክንያቱ የቤቱ ጥበት አልነበረም።

«እናስብበታለን። ብቻ አቦ ቅዳሜ እንዳትቀሪብኝ! በሱሌይማ ቦታ ኦሴአስን አስገብቻለሁ። እሱ ዘሌዋውያንን ለማግኘት እንኳ ካርታ ይፈልጋል፤ ያለ አንቺ አለቀልን። ሚኒባሱ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል።»

አርብ ልምምድ አልነበረም፤ «አርፋችሁ ዋሉ» ተብለዋል። ደማሪስ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ እንደ አልጋ በተንጠለጠለው ሐማኳ ላይ ወጥታ ኢዮብን ከምዕራፍ አንድ ጀመረች። እስከ ዛሬ ይህን መጽሐፍ የምታውቀው ሰው ገበያን እንደሚያውቀው ነው፤ የትኛው ሱቅ የት እንዳለ ታውቃለች፣ ከሱቁ ጀርባ ማን እንደሚኖር ግን አታውቅም። አሁን ቀስ ብላ እየገባች ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ቆየች። ሦስቱ ጓደኞች ከሩቅ መጥተው ኢዮብን ሲያዩት አላወቁትም። አለቀሱ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ እንደ በረታ አይተው ነበርና አንድ ቃል የሚናገረው አልነበረም። ይህ ቁጥር በኔፍታሊ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ከዚያ በኋላ አፋቸውን ከፈቱ። አንዱ ሲያበቃ ሌላው፣ ሌላው ሲያበቃ ሦስተኛው። ጥላው ከሐማኩ እግር ወደ ራስጌው ደረሰ፣ እነሱ ገና ይናገራሉ።

«የት ደረስሽ?» አሉ ማማ ቶያ። የነገውን ነጭ ሸሚዝ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እየተኮሱ ነው።

«ሦስተኛው ጓደኛ፣ ሶፋር እየተናገረ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ሁለቱ ያሉትን። አያልቅባቸውም፣ ማማ ቶያ። ሰውየው 'ተዉኝ' እያላቸው።»

ማማ ቶያ ካውያውን አቆሙት። ሸሚዙን ሳይሆን መንገዱን እያዩ፣

«እኔም እኮ ሄጄ ነበር» አሉ። «ባለፈው ሳምንት፣ ወደ ሱሌይማ እናት። ኒኛ አማንዳ ሊጡን ታቦካለች፣ ላቧ ይንጠባጠባል። በሩ ላይ ቆሜ ሮሜ ስምንት፥ ሃያ ስምንትን ነገርኳት። ሁሉ ነገር ለበጎ እንደሚደረግ።»

«ምን አሉዎት?»

«'እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዳቦው ይቃጠልብኛል' ብላ ወደ ውስጥ ገባች።» የሸሚዙን ኮሌታ አቃኑ። «ቤት ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ዳቦው ገና አልተጋገረም ነበር። ሊጥ ነበር።»

ደማሪስ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ገልብጣ አስቀመጠች።

«ነገ ብሄድስ?»

«ሳን ቪሴንቴ ነው? ትሄጃለሽ እንጂ!»

«እነ ሱሌይማ ጋ። ቅዳሜ ለገበያ ብዙ ነው የሚጋገረው። ድሮ ሦስት ነበሩ፤ አሁን እሷና እናቷ ብቻ ናቸው።»

አሁን ማማ ቶያ ተነሡ። ጭንቀት ሲይዛቸው መቀመጥ አይችሉም። «ውድድሩስ? ያ ወንድም ኔፍታሊ ምን ይላል? ሐይቁስ? ስንት ወር ሙሉ 'ሐይቁ፣ ሐይቁ' ስትዪኝ! ደግሞ ሄደሽ በሩን ቢዘጉብሽስ? ሰው ሁሉ እያየ! እኔ ልጄን ሰው በር ላይ አስቁሜ አላስዋርድም። እሺ፣ ከፈቱልሽ እንበል፤ ገብተሽ ምን ትያቸዋለሽ?»

«አላውቅም።»

«አየሽ? የምትይውን እንኳ አታውቂም!»

«አላውቅም፣ ማማ ቶያ» አለች ደማሪስ እንደገና፤ ግን ድምፅዋ በዚህ ጊዜ የተጨነቀ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ማማ ቶያ ወደ ሸሚዙ ተመለሱ። የተተኮሰውን እጅጌ እንደገና ተኮሱት።

ከመተኛቷ በፊት ደማሪስ ለኔፍታሊ ጻፈች። «ወንድም ኔፍታሊ፣ ነገ አልመጣም፣ ይቅርታ። የኦሴአስ እህት ሩት ፈጣን ናት፣ ዝርዝሩንም ታውቀዋለች፣ እሷን አስገባት። አዝናለሁ።» እንደገና አነበበችው። ምዕራፍና ቁጥር የሌለበት መልእክት ከላከችለት ይህ የመጀመሪያው ነው። ላከችው፤ ሐይቁን ላለማሰብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ቢሆንም ትንሽ አሰበችው።

ቅዳሜ ማለዳ ዶሮዎቹ ሳይወርዱ ነቃች። ነጩ ሸሚዝ ወንበሩ ላይ እንደ እንግዳ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አልነካችውም። ቤት ስትጠርግ የምትለብሰውን፣ አንገቱ የላላውን የድሮ ቲሸርት ለበሰች፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ በጨርቅ ጥብቅ አድርጋ አሰረች። መጽሐፍ ቅዱሷን አነሣችና አሰበች። እዚያ ቤት አየሩ ሳይቀር ዱቄት ነው። መልሳ ትራሷ አጠገብ አስቀመጠችው።

ወጥ ቤት ውስጥ ማማ ቶያ ለመንገድ የሚሆን ፑፑሳ፣ በውስጡ መብል የተሞላ የበቆሎ ቂጣ፣ በምጣዱ ላይ እያገላበጡ ነበር፣ አንዱ አይብ የገባበት፣ አንዱ ቦሎቄ። ዘወር ሲሉ ቲሸርቱን አዩ። ጸጉሯን አዩ። ባዶ እጇን አዩ።

አፋቸውን ከፈቱ። ስንት ነገር ሊሉ ነበር። ማለዳ ነው፣ ይበርዳል፤ ጥግ ላይ ያለው ውሻ ክፉ ነው፤ በሩን ቢዘጉብሽስ፤ ልጄ፣ ቢዘጉብሽስ? ከቤተ ክርስቲያኗ በኩል የሚኒባሱ ሞተር ሲነሣ ተሰማ፤ አንድ ሰው፣ ኦሴአስ ሳይሆን አይቀርም፣ ሲስቅ ተሰማ።

አፋቸውን ዘጉ። ፑፑሳዎቹን በፎጣ ጠቀለሉ። ቆም አሉና ፎጣውን ፈተው ከምጣዱ ላይ ሌሎች አራት ጨመሩበት፤ ለአንድ ሰው የሚበዛ፣ ለቤተሰብ የሚሆን። ጥቅሉን እጇ ላይ አኖሩላት።

ደማሪስ ጥቅሉን ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ይሞቃል። የአያቷን ትከሻ በግንባሯ ነካ አደረገች። ከዚያ የግቢውን በር ቀስ ብላ ከፈተች፣ ወደ ሚኒባሱ ሳይሆን ወደ እነ ሱሌይማ ዳቦ ቤት ዞረች፣ ምንም ሳትናገር ሄደች።